መንገድ አጥኚው ፈረንጅ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን... እኔንና ሙሴ ጉስታቭን፣ ከነበቅሎዎቻችን።

ሙሴ ጉስታቭ በአገሩ መምህር ነው። ዕድሜውን የፈጀው ግን የቻይና ጠቢባን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያስተማሩትን፣ ታኦ የሚባለውን ትምህርት በማጥናት ነው። ታኦ በእነሱ ቋንቋ መንገድ ማለት ነው አሉ። ሰው ከነገር ጋር ሳይታገል፣ እንደ ውሃ ዝቅ ብሎ ቢኖር ይሻለዋል የሚል ትምህርት ነው። ይህ የጥንት ነገር ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል መጽሐፍ ይጽፋል። ንጉሡ እንጦጦ መክረም ስለጀመሩ እዚያው ሄዶ ሊያነጋግራቸው ፈልጓል። እኔ ምጽዋ ከሚሲዮኖች ጋር ስኖር በቃረምኳት ፈረንሳይኛ አስተርጓሚው ነኝ።

የኬላው ሹም ባላምባራስ ከቤታቸው ደጃፍ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ለሙሴ ነገርኩት። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ቆይቷልና ፊቱ በራ... ብዙ ተናገረ። እኔ አሳጠርኩት።

«መንገድ ነው የሚያጠናው» አልኩ።

አፌን ሳልገጥመው ስህተቴ ገባኝ። ሰሞኑን ፈረንጅ መጀመሪያ መንገዱን ይለካል፣ ቀጥሎ ወታደሩ ይመጣል እየተባለ ነው የሚወራው።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «የትኛውን መንገድ?»

ሙሴን ጠየቅኩት። «በዓይን የማይታየውን» አለ።

መዋሸት እችል ነበር... ግን ስፈራ ቃል በቃል ነው የምተረጉመው።

«ስውር መንገድ አለ እንዴ?» አሉ ባላምባራስ። «ወዴት ነው የሚያወጣው?»

«የትም አያወጣም። አሁንም ሁላችንም እላዩ ላይ ነን» አለ ሙሴ።

ባላምባራስ መሬቱን አዩ። ዘበኞቹም አዩ። አንደኛው እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ።

«ማጥናት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሃያ ዓመት።»

«እሰሩት» አሉ ባላምባራስ ረጋ ብለው። «አንተንም ጭምር።»

ሁለታችንን በአንድ ሰንሰለት አቆራኙን። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት... ልጅሽ ለፈረንጅ አገር ሲሰልል ተያዘ ብለው ሲነግሯት ታየኝ። ሙሴ ደግሞ ጎኔ ሆኖ «መልሴን ወደዱት?» ይለኛል።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የተማረ ሰው ይጥሩልኝና ይስማን።»

በቅርብ ካለው ደብር መሪጌታው መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ሙሴ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገምኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ፍኖት አትልም ነበር?» አሉኝ። «በቅሎ የሚሄድበትን አይደለም እኮ የሚለው። ሰው እንዴት ይኑር ነው የሚለው።»

አፈርኩ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፣ ፍኖት የሚለው ቃል ጠፍቶኝ ሁለት ሰው ላሳስር።

ባላምባራስ አስፈቱን። «ቢሆንም ከአንኮበር ቃል ሳይመጣ አላሳልፍም» አሉና መልእክተኛ ላኩ። «ለመሆኑ ትምህርቱ ምን አድርጉ ይላል?»

«አትቸኩሉ፣ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ነገሩ በጊዜው ይሆናል ይላል» አለ ሙሴ።

«ጥሩ ነው። እንግዲያው ይቀመጥ።»

ምን ይቀመጣል... ከኬላው እስከ በቅሎዎቹ፣ ከበቅሎዎቹ እስከ ኬላው ሲመላለስ ሣሩን ጨረሰው። መልእክተኛው መጣ ወይ እያለ ነፍሴን አወጣት። ለንጉሡ የክስ ደብዳቤ ጻፈ፣ ቀደደው፣ እንደገና ጻፈ። ረቡዕ ጠዋት በሩን ራሱ ሊከፍት ሲታገል ዘበኞቹ ብብቱን ይዘው መለሱት።

«ሙሴ፣ እንደ ውሃ መሆኑስ?» አልኩት።

«እሱ ትምህርት ነው» አለኝ ተቆጥቶ። «ይሄ ደግሞ የኔ ጊዜ ነው።»

በዚህ መሃል ሁለት ነጋዴዎች በአንዲት በቅሎ ተጣልተው እየጮሁ ባላምባራስ ዘንድ መጡ። ባላምባራስ ጠላ አስቀዱላቸው። ሌላ ምንም አላሉም። ሰዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲጮሁ ቆዩና ድምፃቸው ቀነሰ... ጠጡ፣ ደገሙ፣ ሦስተኛውን ሲያጋምሱ አንደኛው «እሺ፣ እስከ ፋሲካ አንተ ጋ ትሁን» አለ። ጉልበት ስመው ሄዱ። ባላምባራስ ከመደቡ አልተነቃነቁም።

ሙሴ መመላለሱን አቆመ። መጥቶ ከባላምባራስ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን እንደሳቸው ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ፀሐይ ሞቀ።

«ጠይቅልኝ» አለኝ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲህ ሲቀመጡ ምን ያስባሉ?»

ባላምባራስ ጥያቄውን አሰብ አደረጉት።

«ምሳ ዘገየ እያልኩ ነው» አሉ።

በዚህችኛው እንኳ አልተሳሳትኩም፣ እንዳለች ተረጎምኳት። የሙሴ ዓይን እንባ አቀረረ። ደብተሩን አውጥቶ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ።

ሐሙስ ጠዋት መልእክተኛው የማለፊያውን ደብዳቤ ይዞ ደረሰ። በቅሎዎቹን መጫን ስጀምር ሙሴ ክንዴን ያዘኝ። አንድ ሳምንት እዚሁ ይቆይ ዘንድ እንድለምንለት ነው።

ለመንኩለት።

«ይሂድ በለው» አሉ ባላምባራስ። «እየተካፈለ ምሳዬን አሳነሰብኝ።»

እሷንም ጻፋት።