ከጽጌረዳዋ ላይ የለቀምኳቸው

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከብርቱካን ጋር ገበያ ወርደን ነበር። ትምህርት ቤታቸው ዝናቡ ሳያልፍ ግቢውን አበባ እናልብሰው ብሎ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ችግኝ ይዞ እንዲመጣ አዟል። ችግኝ ሻጯ በጥቁር ላስቲክ ያፈላቻቸውን ጽጌረዳዎች መንገድ ዳር ደርድራ ተቀምጣለች። እኔ ጎንበስ አልኩና የአንዱን ቅጠል ገለበጥኩ። ቀጥሎ የሌላውን። ቀጥሎ ደግሞ ለጋውን ጫፍ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

«እናቴ፣ ጎመን መሰለዎት እንዴ? ለወጥ አይደለም እኮ!» አለችኝ ሻጯ።

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ብርቱካን አፍራ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማዬ፣ ተይ በቃ፣ ሁሉም አንድ ናቸው» አለች። እኔ ግን ሰባተኛውን ገልብጬ ካየሁ በኋላ ነው የመረጥኩት። ልጄ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ። የአበባ ቅጠል ለምን እንደምገለብጥ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቤት ሲያውለን ነገርኳት።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ መተማ አጠገብ፣ ኮኪት በምትባል ቆላ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በወባ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አረም እንወርዳለን፣ ከአረሙ ስመለስ ወባው ይጥለኛል፣ ስድን ትምህርቱ ካለፈ ቆይቷል። በመጨረሻ አባቴ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ሲሸጥ ከሚያውቃቸው ከሃጃ ነፊሳ ቤት ለሥራ አስገባኝ። ሃጃ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የጨርቅና የሽቶ ሱቅ ያላቸው ሴት ነበሩ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ አገሩ ሁሉ ሃጃ ነው የሚላቸው። የእኔ ሥራ ግቢ መጥረግ፣ ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል ነበር። የደረቀ ባሚያ ፈጭቶ ወጥ መሥራትን፣ እነሱ ወይካ የሚሉትን፣ የተማርኩት እዚያ ቤት ነው።

በግቢው ውስጥ አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። ሃጃ ጎንደር ካለችው እህታቸው ቤት ቆርጠው አምጥተው የተከሏት ናት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ፣ የጭነት መኪናው ጭስ በአጥሩ ላይ እየገባ፣ እሷ ታብባለች። በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት አንድ አበባ ቆርጠው ሱቃቸው ውስጥ በብርጭቆ ያስቀምጧታል። ሱቁ በሽቶ የተሞላ ሆኖ ሳለ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያሸተው እሷን ነበር።

ኅዳር ሲያልቅ ሃጃ ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሊሻገሩ ሆነ። ሻንጣቸው በር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጠሩኝ።

«ያ ቢንት» አሉኝ፤ እንደ ሱዳኖቹ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ቤቱን በር ዘግተሽ ትጠብቂዋለሽ። እሷን ግን አደራ። ስመለስ እንደተውኳት ካገኘኋት ሱቅ አስገባሻለሁ።»

«ካልሆነስ፣ ሃጃ?»

«ካልሆነማ አንዲት አበባ መጠበቅ ያቃታት ልጅ ሱቅ ምን ታደርግልኛለች? ክረምት ሲመጣ አባትሽ ለአረም ይፈልግሽ የለ?»

እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን አልሳቅሁም። አረም ማለት ወባ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። በሩን ቆልፌ ተመልሼ የማይ፣ ምድጃው ጠፍቶ እንደሆነ ሁለቴ ተነሥቼ የምዳስስ ሰው ነኝ።

ታህሣሥ ገባ። በቆላ የምትገኘው ትንሿ ብርድ መጣች። ያን ሰሞን የጽጌረዳዋ ለጋ ቅጠሎች መጠቅለል ጀመሩ። ሲነኩ ያጣብቃሉ፣ ጉንዳንም በግንዱ ላይ ይመላለሳል። ጎንበስ ብዬ ብመለከት በግንዱና በቅጠሉ ላይ የሚሄዱ ትሎች አየሁ። ግራጫ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ጀርባቸው ሻካራ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ስድስት እግር ያላቸው አስቀያሚ ነገሮች ናቸው። ጠላቴን ያገኘሁ መሰለኝ።

አባቴ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ተደግፎ ሲቆም ሂላ ይባላል። አንድ ዓመት ከሂላው ሥር ተባይ ገብቶበት ፍሬው ዘይቱን ተመጥጦ መራራ ሆነና የዓመት ልፋታችን ገለባ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሂላ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየን ሳንጠይቅ እንድንረግጥ አዘዘን። እኛ ቤት ስሙን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከተንቀሳቀሰ ይረገጣል።

ስለዚህ በጣሳ ውኃ ቀዳሁ፣ ትንሽ ላምባ ጨመርኩበት፣ ጠዋት ጠዋት እየለቀምኩ እዚያ ውስጥ እጥላቸው ጀመር። አንድም አላመለጠኝም። ቅጠል በቅጠል ነበር የምሄደው። ግቢው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አስማረ የሚባል የትራክተር ሾፌር ነበር። ሲያየኝ ይስቅብኛል።

«ምስር ነው እንዴ የምትለቅሚው? ለምሳችን አድርሽው!»

እኔ በለቀምኩ ቁጥር ግን ጽጌረዳዋ ባሰባት። እምቡጦቹ ሳይፈነዱ ጠውልገው ወደቁ፣ ቅጠሉ ጥቀርሻ የተቀባ መሰለ። አንድ ቀን አስማረ በለስላሳ ጠርሙስ ነጭ ፈሳሽ ይዞልኝ መጣ። እርሻው ላይ የሚረጭ መድኃኒት ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ እርጪባት። ነገ አንድም ነፍስ ያለው ነገር አታገኚም» አለኝ።

ጠርሙሱን ተቀበልኩ። ሃጃ አበባዋን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲያሸቱ ታየኝ። ኮኪት ላይ አንድ ሰው ነፋስ ላይ ቆሞ ሲረጭ ተመርዞ አፉ አረፋ ሲደፍቅም አይቻለሁ። መለስኩለት። ፈሪ ብሎ ሰደበኝ። ፍርሃቴ ብዙ ጊዜ ጎድቶኛል፤ የዚያን ቀን ግን ጠቅሞኛል።

በማግስቱ አያ ምናለ ውኃ ይዘው መጡ። በአህያ ጋሪ ውኃ የሚያከፋፍሉ ጎጃሜ ሽማግሌ ናቸው። ጀሪካኑን አውርደው እኔ ጋ መጡና ጣሳውን ተቀብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ስንት ቀን ሆነሽ እነዚህን ስትለቅሚ?»

«አሥራ ሁለት ቀን፣ አያ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ዘበኞቹን እኮ ነው የፈጀሻቸው!»

አልገባኝም። እጄን ይዘው ወደ ለጋው ጫፍ አስጠጉኝ። «እዚህ ላይ እይ። ግንዱን ተይው፣ ጫፉን እይ።» አየሁ። መጀመሪያ የተክሉ ቆዳ ነው የመሰለኝ። ኋላ ቆዳው ተንቀሳቀሰ። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆኑ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የተጣበቁ ነበሩ።

«ክሽክሽ ነው። በእኛ አገር ባቄላውን የሚፈጀው ይሄው ነው። የሚያጣብቀው ሽንቱ ነው፤ ጉንዳኑም ያን ጣፋጭ ሽንት ሊልስ ብሎ ክሽክሹን ይጠብቃል፣ ዘበኞቹን ያባርራል።» ከቅጠል ሥር አንዲት ያመለጠችኝን ትል አገኙና በአውራ ጣታቸው አንሥተው ጫፉ ላይ አስቀመጧት። «ሰው ከመክሰስሽ በፊት ምን እንደሚበላ ተመልከች እንጂ።»

ተመለከትኩ። ትሏ ትንሽ ዞር ዞር አለችና አንዱን ክሽክሽ ያዘች። በላችው። ሌላ ደገመች።

«ታዲያ ይህች ምንድን ናት?»

«ልጆች እጃቸው ላይ የሚያስሄዷት ቀይ ጥንዚዛ የለችም? ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት? የሷ ልጅ ናት። ስታድግ ነው የምታምረው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ግን ሳላምር አረጀሁ።»

እሳቸው ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በጥንቃቄ፣ አንድም ሳላስቀር፣ የጽጌረዳዋን ጠባቂዎች በላምባ ሳሰጥም ነበር።

«ለቅሶውን ተይና ውኃ አምጪ» አሉኝ። በጣም የተጎዱትን ጫፎች ቆረጥን፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብነው። ለጉንዳኑ መላ ያገኘው አስማረ ነው። የትራክተር ግራሶ በጨርቅ ላይ ለቅልቆ በግንዱ ዙሪያ አሰረው። ጉንዳኖቹ እዚያ ሲደርሱ ተደናግረው ይመለሱ ጀመር። «መድኃኒቴን እንቢ ብትይም በግራሶዬ ተሸነፍሽ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲጎርርብኝ ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን አያ ምናለ በጋሪያቸው ወንዝ ዳር ወሰዱኝ። መንገዱ ከታጨደ ማሽላ አገዳ መሐል ያልፋል፤ ጠዋት ስለነበር አገዳው ጤዛ ይዞ የበሰለ እህል ይሸታል። እዚያ ጎመንና ሽንኩርት በመስኖ የምታለማ ሴት ነበረች። ጎመኗ በግራጫ ክሽክሽ ተወርሯል፣ በላዩም ቀዩ ጥንዚዛና ልጆቹ ተሰማርተዋል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ሰው ተባይ ሊለምን ይመጣል? ልቀሚ፣ ልቀሚ፤ ጎመኔን ብቻ እንዳትነቅይ!» ክዳኑ በምስማር በተበሳ ጣሳ፣ በቅጠል መሐል አድርጌ አመጣኋቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጽጌረዳዋን ውኃ አርከፍክፌ ለቀቅኳቸው።

ክንፍ ያላቸው አብዛኞቹ በማግስቱ በረው ሄዱ። ትሎቹ ግን ቀሩ፣ ከጥንዚዛዎቹም ጥቂት ቀሩ። ሳምንት ሳይሞላ በአንድ ቅጠል ሥር እንደ ጤፍ የደቀቁ፣ ቢጫ፣ ቆመው የተደረደሩ እንቁላሎች አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእኔ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ አለመንካት። ጠዋት ጠዋት እጄን ከኋላዬ አቆላልፌ ነበር የምቆመው። ትሎቹ ተፈለፈሉ፣ አደጉ፣ እኔም ቆሜ ሲበሉ እያየሁ እጸልይላቸው ነበር።

ሃጃ በየካቲት መጨረሻ ተመለሱ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ጫማቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጽጌረዳዋ ሄዱ። ግማሿ ተቆርጧል። ትላልቆቹ ቅርንጫፎች የሉም። ሦስት አዲስ ቀንበጦችና ሁለት እምቡጦች ብቻ ናቸው ያሉት።

ጥያቄ አልጠበቅሁም። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ትሎቹን፣ ላምባውን፣ አሥራ ሁለቱን ቀን። «አጥፊዋ እኔ ነኝ፣ ሃጃ። በሽታው ሳይሆን እኔ ነኝ ሳክማት ልገድላት የነበርኩት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አሳዪኝ» አሉ። ቅጠል ገልብጬ አሳየኋቸው። ክሽክሹን፣ ትሉን፣ ከትልነት ወጥቶ ገና ቀለሙ ያልደረቀ አንድ ጥንዚዛ። በታከመው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳጠጣት ይህን ያህል ተከራይ እንዳለባት አላውቅም ነበር» አሉ። ቀጥለው ወደ ተቆረጡት ቅርንጫፎች ጠቆሙ። «እንደተውኳት ግን አላገኘኋትም።»

«አዎ፣ ሃጃ።»

«ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ብል ሲበላው፣ ሽቶ ሲፈስ፣ የምትደብቂኝ ብትሆኚ ነበር የምፈራሽ። ኸላስ፣ ይሄ አለቀ። ነገ ገላሽን ታጥበሽ ከእኔ ቀድመሽ ሱቅ በር ላይ ጠብቂኝ።»

የዚያን ክረምት አረም አልወረድኩም። ስድስት ዓመት እዚያ ሱቅ ሠራሁ፤ መለካት፣ መቁረጥ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ተማርኩ። ዛሬ ልጆቼን የማሳድገው እዚያ በተማርኩት ንግድ ነው።

ይህን ታሪክ ለብርቱካን ስነግራት ስለ ራሴ አሰብኩ። እናት ከሆንኩ ወዲህ ፍርሃቴ ብሷል። ልጆቼ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሁ እጄ ይፈጥናል። በቅርቡ ብርቱካን ሰብለ የምትባል ጓደኛ ይዛ መጣች። ድምፅዋ ከጎዳናው ማዶ ይሰማል፣ በር ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ትልልቅ ሰው ፊት ትሳደባለች። እንዳትመጣ ልከለክል ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከሩቅ ሆኜ ተመለከትኩ። የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ሲደርሱ ሾፌሮች ልጆቹን ይጠራሉ፣ ይለክፋሉ። ሰብለ ልጄን በመንገዱ ውስጠኛ በኩል አድርጋ፣ እሷ በመኪናዎቹ በኩል ሆና፣ በዚያ ድምፅዋ ሁሉንም እየሰደበች ታሳልፋታለች።

ትናንት በር ሳታንኳኳ ስትገባ ምሳ አቅርቤ ነበር። ከብርቱካን ጎን እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቅኩላት።