መኻሉ ሁለቴ የተቆጠረ ገንዳ

አባቴ ከደብረ ወርቅ ብዙም የማትርቅ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። ካቻምና የጥምቀቱ ውሃ ቶሎ አልቆ ግማሹ ሰው ሳይረጭ ስለተመለሰ በጣም አዝነው ነበር። አምና ምእመኑ በመስቀል ቅርጽ አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ሠራ። ውሃው ግን ከቁልቁለቱ ምንጭ በጄሪካን የሚቀዳ ነው። ስንት እንደሚበቃ አስልቼ እንድነግራቸው እኔን ጠየቁኝ፤ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተማሪ ነኛ።

ሜትሬን ይዤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ቁሙ አራት ሜትር፣ አግድሙም አራት፣ ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር። ውሃው ግማሽ ሜትር ላይ እንዲደርስ ግድግዳውን በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት። ቁሙ ሁለት ሺህ ሊትር፣ አግድሙ ሁለት ሺህ ሊትር ብዬ ደመርኩ። በሃያ ሊትር ጄሪካን ሁለት መቶ ይሆናል። አጥቢያው ሃያ አምስት ቤት ስለሆነ ለየቤቱ ስምንት ደረሰው። አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ልጃቸው እንዳሰላችው ጠቅሰው ድልድሉን ሲናገሩ ደረቴን መንፋቴን አልክድም።

የከተራ ዕለት ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ቤት ሰባት ሰባት ጄሪካን እንደገለበጠ፣ ውሃው ቀዩን ምልክት ነካ። ስምንተኛው ገና በሴቶች ጀርባና በአህያ ዳገቱን እየወጣ ነው። ገንዳውን ከላይ ሳየው ገባኝ። ቁሙና አግድሙ የሚገናኙበትን መኻሉን ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ተማሪ ቢሠራው የምቆጣበት ስሕተት ነው። ምልክቱን ከፍ አድርጌ ልቀባው ሁሉ አሰብኩ። ሴቶቹ እያለከለኩ ሲደርሱ ግን አፈርኩና ለአባቴ እውነቱን ነገርኳቸው።

አባቴ አልተቆጡም። የተረፉት ጄሪካኖች ክዳናቸው ተከፍቶ ገንዳው ዙሪያ እንዲደረደሩ አዘዙ። በማግስቱ ውሃው ሲባረክ እነሱም አብረው ተባረኩ። ሰው ተረጭቶ ሲያበቃ የወትሮው ግፊያ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጄሪካን አንሥቶ ሄደ። ባላቸው ዓመታት አልጋ ላይ የዋሉባቸው አንዲት እናት፣ በግፊያው ምክንያት አንድም ጊዜ ጠበል ይዘውላቸው ገብተው እንደማያውቁ እየነገሩኝ ሃያውን ሊትር አዝለው ወረዱ።

ዘንድሮ ስሌቱን አርሜ፣ ለየቤቱ ሰባት እንደሚበቃ ለአባቴ ደወልኩላቸው።

«እንደ አምናው ይሁን» አሉኝ። «መኻሉን ሁለቴ ቁጠሪው።»