መዶሻ ያለኝ ሰውዬና ፕሬሴ

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ወልቂጤ፣ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዤ ውስጥ የቆመው፣ በእጄ የሠራሁት የኩሽኔታ መጫኛ ፕሬስ ምስክሬ ነው። መጀመሪያ ንዴቱ ነበር፤ የተሠራበት ብረትና ክሪክ የመጡት በኋላ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ። በሰፈራችን ኩሽኔታን ሳይሰብር ከሚቀመጥበት ቤት የሚያወጣና ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሃይድሮሊክ ፕሬስ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የባጃጅ ኩሽኔታ በመዶሻ ስመታ ሰነጠቅኩና እሱ ጋ ይዤ ሄድኩ። ደንበኞቹ ፊት አገላብጦ አየውና፣ "ይሄ መካኒክ አይደለም፣ መዶሻ ነው" አለ። ሳቁ። ከዚያ ሁሉንም አስተናግዶ እስኪጨርስ ፀሐይ ላይ አቆመኝ። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ሹፌሮች "መዶሻ አለ?" እያሉ ነው የሚመጡት። ስድስት ዓመት ሙሉ በስሜ የጠራኝ የለም።

የራሴን ፕሬስ ልሠራ ብዬ ከፈረሰ ሱቅ ያወጣሁትን ወፍራም ቱቦላሬ ብረት ቆርጬ ፍሬም በየድኩ። የሱ ፕሬስ ከላይ ወደ ታች ስለሚጫን፣ በእልህ የሱኑ ልቅዳ ብዬ መኪና ማንሻ ክሪክ ዘቅዝቄ ከላይ አሰርኩ። ክሪክ ሲዘቀዘቅ ዘይቱ ፓምፑ ጋ አይደርስም፤ አየር ብቻ ይስባል። እጀታውን ብጫን ብጫን ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ፣ "መዶሻ፣ ጡጦ እያጠባኸው ነው እንዴ?" አለኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ክሪኩን አቃንቼ፣ በሁለት ሞላ በተንጠለጠለ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። አናቱ የፍሬሙን ጣሪያ ሲገፋ አግዳሚው ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ኩሽኔታ ቤቱ ሲገባ የተሰማኝ ክፉ ደስታ ነበር፤ አላፍርበትም።

ባለፈው ክረምት የሱ ፕሬስ ዘይት የሚይዝለት ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ ዘይት ያፈስ ጀመር። አንድ ጠዋት ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ። ይህችን ቀን ስንት ጊዜ አልሜያታለሁ። ሌሎቹን አስተናግጄ እስክጨርስ አቆምኩት፤ ፀሐይ ስላልነበረ በካፊያው። ተራው ሲደርስ፣

"ጋሼ፣ በስሜ ይጥሩኝና አሁኑኑ እጫንልዎታለሁ" አልኩት። አፌ እርስዎ ይላል፣ ልቤ አንተ ነው።

አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እምቢ ያለኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ጨርቁን በጣቱ ሲጠመዝዝ ሳይ ነው የገባኝ። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ሠርተን ስሜን አያውቀውም።

"መዶሻ ስልህ ኖሬ..." አለና አቋረጠው። "ማን ነበር ስምህ?"

ይህን አላለምኩትም ነበር። ከመዶሻው ይልቅ ይኸኛው አመመኝ።

ኩሽኔታውን ተጫንኩለት፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ስሜን ግን አልነገርኩትም። ሰፈሩን ይጠይቅ አልኩ በልቤ፤ ሰፈሩ የሚነግረው እሱ ያወጣልኝን ነው።