ያልታየው ጥቅል

«…እህሉን አውጥተን፣ ጣሪያውን ጠግነን፣ ሲኒማውን ልንከፍተው ነው እያልኩዎት ነው፣ አባባ። የጎደለችን ያች የማሽኑ ሌንስ ብቻ ናት» ይል ነበር እንግዳው፣ በራችን አጠገብ ዱካ ላይ እንደተቀመጠ።

አያቴ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብለው አመዱን በስንጥር ገለጥ አደረጉት። ከሰዓት በኋላ ቢሆንም የጦሳ ተራራ ጉም ቤቱን አጨልሞት ስለነበር፣ ፍሙ ሲቀላ የሰውየውን ፊት አየንበት። ከቀበሌ ነው የተላክሁት ብሏል። ሲገባ ግን «አሰላሙ አለይኩም» ነበር ያለው። ያኔ የቀበሌ ሰው እንዲያ ብሎ ቤታችን አይገባም። እናቴ ይህን ልብ ብላ አየችኝ።

ልጅ ሳለሁ ሲኒማ ቤቱን የማውቀው ተዘግቶ ነው። ደሴ መሃል፣ የእህል ጆንያ የታጎረበት፣ ቀለሙ የተላጠ አዳራሽ። ውስጡን ያሳዩኝ አያቴ ናቸው። ማታ ማታ ኩራዙን ከኋላችን አስቀምጠው፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ ሲረዝም፣ የሲኒማው ማሽን ሠራተኛ ሳሉ ያሳዩዋቸውን ፊልሞች እንደ ተረት ያወሩልን ነበር። ህንድኛ አያውቁም። ቢሆንም ያኔ ከማሽኑ ክፍል ቀዳዳ አንገታቸውን አውጥተው «አሁን እናቱን አወቃት!» እያሉ ለተመልካቹ ይተረጉሙ ነበር። ደሴም አምናቸው ታለቅስ ነበር።

ልጇ የጠፋባት እናት ያለችበት ፊልም ነበር። መጨረሻው ጥቅል ላይ ትሞታለች። አያቴ ያንን ጥቅል ደሴ ላይ አሳይተውት አያውቁም። «የራሳችን ሞት ይበቃናል» ብለው፣ እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ መብራቱን ያበሩት ነበር። ደሴ ውስጥ ያች ሴት እስከ ዛሬ በሕይወት አለች።

አዳራሹን መንግሥት ሲወርሰው አያቴ ሌንሷን ፈትተው፣ በሽርጣቸው ጠቅልለው ጎታ ውስጥ ቀበሯት። ዓይን የሌለውን ማሽን ማንም ጭኖ አይወስደውም ብለው ነው። የመንግሥት ንብረት ሸሽጎ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ያኔ ልጅም ያውቅ ነበር።

«ለመሆኑ ሲኒማችንን ታውቀዋለህ?» አሉት አያቴ ሰውየውን።

«እዚያ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያ ያች ልጇ የጠፋባት፣ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«አይ፣ እሷማ ልጇ ክንድ ላይ ሞተች።»

እናቴ ሰፌዷን መሬት አኖረች።

«ሞቷን ያየሁት ግን ኮምቦልቻ ነው» አለ ሰውየው፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እዚህማ መብራት ያበሩብን ነበር።»

እውነቱን ነው? ወይስ አስቀድሞ የነገረው አለ?

«እኛ ቤት ሌንስ የሚባል ነገር የለም» አለች እናቴ። «ወላ…»

«ዘሃራ! በእኔ የተነሳ በውሸት አትማይ።»

ተነሡ። ጎታው ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ። ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ሌንሷን ወደ ደረታቸው አስጠጓት።

«ለአንተ አልሰጥም። እኔው ሄጄ እገጥማታለሁ።»

«አባዬ፣ ቢያስሩዎትስ?» አለች እናቴ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። ማሽኑ ሳይነካ ከከረመ ይዝጋል። እኔም እንደዚያው።»

ከዚያ ዘመን አብሮኝ የቀረ ጠባይ አለ። ሰው ደግ ወሬ ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ እጁን አያለሁ። ተረት ሲነግሩኝም የተቆረጠው የቱ ጋ ነው እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኛል።

ያን ቀን ሁለቱ ሲወጡ እናቴ «ተከተያቸው፤ እንዳትጠጊ» አለችኝ።

በጉሙ ውስጥ ሁለቱን ጀርባዎች እያየሁ ወረድኩ። ሰውየው ቁልፍ ነበረው። አዳራሹ ሲከፈት የስንዴና የአይጥ ሽታ መንገዱ ድረስ ወጣ። ውስጡ ጨለማ ነው። ጣሪያ የሚጠግን ሰው ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። የለም።

«ይግቡ፣ አባባ።»

አያቴ ገቡ። ሰውየው ወዲያው አልተከተላቸውም። መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቅል እኔ አላየሁትም።