ለድምፅ በር አይከፈትም

ዱባለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉን ሲያወድስ የሰማ፣ ስለ አዲስ ሙሽራ የሚያወራ ይመስለው ነበር። ቤንዚን አትጠጣም፣ አትጮህም፣ አታጨስም። ጎህ ሳይቀድ ከጄፔ ገበያ ጅምላ ሻጮች ሲጋራና የሞባይል ካርድ ጭኖባት ሶዌቶ ላሉ የሐበሻ ስፓዛዎች፣ ለየሰፈሩ ትንንሽ ሱቆች፣ ያደርስ ነበር። ሻጩ የደበቀው አንድ አመል ግን ነበራት፤ ብርድ አትችልም። በዚያ አገር ብርዱ የሚጠናው በሐምሌ ነው፤ ውርጩ ሲነካት ሙሉ የተባለው ባትሪ መንገድ ላይ ይከዳል።

ዱባለ ራሱም ድሮ ባለስፓዛ ነበር። አንድ ማለዳ “ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ክፈትልኝ” የሚል አማርኛ ሰምቶ ከፈተ። ተጣሪው ሐበሻ ተገዶ የመጣ ነበር፤ ዘራፊዎች ሽጉጥ ደግነውበት ከኋላው ነበሩ። ሸሪኩን ኪዳንን እዚያው ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ዱባለ ከአገር ቤት የመጣውን ሁሉ እየያዘ አንድ ነገር ያስሸመድዳል፦ “ድምፁ የወገን ነው፤ ሽጉጡ ከኋላው ነው። ፀሐይ ሳትወጣ፣ እናትህም ብትጠራህ አትክፈት።” የሚስቱን ወንድም ማናሴንማ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሉ አስጠንቶታል።

በዚያ የተረገመ ማለዳ ባትሪው የሞተው ከማናሴ ሱቅ አጠገብ ነበር። ጓንቱ በጉም ርሶ በረዶ ሆኗል፣ ጣቶቹ እንጨት ሆነዋል። ሞተሯን ትቶ እንዳይሄድ፣ ሲመለስ አያገኛትም። እየገፋ ከብረት በሩ ደረሰ።

“ማናሴ! ዱባለ ነኝ! ክፈት፣ እጄን ልሙቅ!”

“ድምፅህን አውቄዋለሁ፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ክፈታ!”

“ከኋላህ ማን አለ?”

“ማንም የለም! ውርጭ ነው ያለው!”

“የተገደደ ሰውም እንዲሁ ነው የሚለው። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።”

ዱባለ አብዶ በሩን በእርግጫ ደበደበው። ውስጥ ላለው ግን ብዙ ሰው የሚደበድብ መሰለው፤ ማናሴ መብራቱን አጥፍቶ ከመደርደሪያው ሥር ተኝቶ አለቀሰ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ዱባለ የተሰፈረው ግን በደጉ ምክሩ ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ፀሐይ ስትወጣ አንዲት አሮጊት ዳቦ ሊገዙ መጥተው በአገሬው ቋንቋ “ሳዉቦና” ብለው ሰላምታ ሰጡ። ማናሴ በፍርግርጉ አጮልቆ ሲያይ፣ ዱባለ ብቻውን ሞተሯ ላይ ተደፍቷል። እየጮኸ ከፍቶ አስገባው፣ ተርበትብቶም በማንቆርቆሪያ ያፈላውን ውሃ ሳፋ ውስጥ ገለበጠ። ዱባለ እጆቹን ነከረ። ሙቀቱ አልተሰማውም፤ አሮጊቷ እንፋሎቱን አይተው እስኪጮኹ ድረስ ነክሮ ቆየ።

ሆስፒታል የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ቆረጡለት። የሞተሯን ፍሬን መጨበጥ ስላልቻለ ሸጣት፤ አሁን ጄፔ አስፋልት ዳር ካልሲ ይቸረችራል።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከዱራሜ ገና የመጣ አንድ ጎልማሳ አመጡለት፤ ሶዌቶ ሱቅ ሊገባ ነው። ማናሴ ከጎናቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዱባለ በቀሩት ጣቶቹ የእንግዳውን ትከሻ ያዘ።

“ፀሐይ ሳትወጣ በር አትክፈት” አለው። “እኔም ብሆን።”