እሁድ በቤትዎ

ቶርበን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የተወለደው በሰሜን ጀርመን፣ ከሰው ይልቅ ላም በሚበዛበት መንደር ነው። ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ መጥቶ በአንድ የመኪና ፋብሪካ የቀለም ተቆጣጣሪ ከሆነ ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል። ሥራው አጎንብሶ በተቀባ በር ላይ የአቧራ ቅንጣት መፈለግ ነው። ካገኘ ያዝናል፤ ካላገኘ ደግሞ ይጠራጠራል። ቁመቱ የትየለሌ ስለሆነ አጎንብሶ ቀና እስኪል ድረስ ቀለም ቀቢዎቹ አንድ ቀልድ ጀምረው ይጨርሳሉ።

ቅዳሜና እሁድ ግን ሌላ ሰው ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አውቶቡስ ተራ ይገኛል። የሄደበትን ቦታ ሁሉ በተራ ቁጥር ደብተር ላይ ይጽፋል፤ የቦታውን ስም፣ ከቤቱ ያለውን ርቀትና አንድ አስተያየት። «ሰባተኛ፦ ቾሉላ። ከቤቴ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት። ፒራሚድ ነው ተብዬ ወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ።» «ሃያ ሁለተኛ፦ ሜክሲኮ ሲቲ። ከቤቴ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት። ባቡር ውስጥ የሴቶች ፉርጎ ገብቼ በጃንጥላ ተመታሁ።» «አርባኛ፦ አትሊክስኮ። ከቤቴ አንድ ሰዓት። ቁልቋል ገዛሁ።» እንዲህ እያለ ስልሳ አንድ ደርሷል።

በዚያ አገር፣ ቤቱ የማይቀመጥ ሰው «የውሻ እግር» ይባላል። ፋብሪካው ውስጥ ቶርበንን በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ለጠየቀው ሁሉ «አገር ማየት ስለምወድ ነው» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ እውነቱን ግን ሸርፎ ነው የሚናገረው። ቶርበን እሁድን ይፈራል። እሁድ ፑዌብላ ውስጥ ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ከየበሩ ሞሌ የሚሉት የበርበሬና የቸኮሌት ወጥ ሽታ፣ የሕፃን ጩኸትና የሳህን ኳኳታ ይወጣል፤ ቶርበን ደግሞ ከበሩ በዚህ በኩል ነው። በሃያ ወር ውስጥ የአንድም ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። ሁሉም «አንድ ቀን ይመጣሉ» ይሉታል፤ ያቺን አንድ ቀን ግን ማክሰኞ ነች ሐሙስ የሚል የለም። ውሉ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። ከመሄዱ በፊት አንዲት እሁድ፣ አንዲት ብቻ፣ ከሰው ቤተሰብ ጋር ማዕድ መቅረብ አምሮት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ያፍራል።

ቋንቋ እንደማይቸግረው ግን ሙሉ እምነቱ ነው። ስፓኒሽን በማታ ትምህርት ቤት ተምሮ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። የተማረውን ቃል በተማረበት ትርጉም ይይዛል፤ ንቅንቅ የለም። አንዴ ወደ ሳካትላን ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ጨዋታ ጀመሩ።

«እዚያ ቤትዎ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ» አሉት። «ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው» አለ ቶርበን። «ዛፍ የለኝም። አንድ ቁልቋል አለኝ፤ እሱም እየሞተ ነው።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና ከያዙት ዳቦ ግማሹን ቆርሰው ሰጡት። ቶርበን ዳቦውን እየበላ «እርጅና ክፉ ነው፤ ምስኪን» ሲል አዘነላቸው። እሳቸውም እንደዚያው እያዘኑለት ነበር።

ታዲያ አንድ ሐሙስ የቀለም ክፍሉ ፈረቃ አለቃ ዶን ኩኮ፣ ሆዳቸውን አስቀድመው መጡ። ዶን ኩኮ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከማሽን በላይ የሚሰማ ሰው ናቸው።

«እህሳ፣ ኢንጂነር የውሻ እግር! በዚህ ሳምንት ደግሞ ወዴት ነው?»

«ኩዌትሳላን። ትኬት ቆርጫለሁ።»

«ይቅደዱት! እሁድ የባለቤቴ የኤውላሊያ ልደት ነው። በስምንት ሰዓት፣ በቤትዎ፣ ዶሮ በሞሌ አለ። ልጆቹም፣ አማቾቹም፣ የልጅ ልጆቹም፣ ሁላችንም አለን። እንዳይቀሩ!»

ቶርበን ጆሮውን ማመን አቃተው። «በቤቴ?»

«በቤትዎ ነዋ! ቤትዎ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያስ!»

«ስንት… ስንት ትሆናላችሁ?»

«ከሃያ ሁለት አንበልጥም። ሕፃናቱን ሳይጨምር።»

«እና እኔ ምን ላዘጋጅ?»

«ሆድዎን!» ብለው ጀርባውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ቶርበን እንዳይረሳ ቃል በቃል ደብተሩ ላይ ገለበጠው። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል! ቀጥሎ ግን ፊቱ በራ። እኔ የሰው ቤት መግባት ሲያምረኝ እነሱ እኔ ቤት ሊመጡ ነው፣ ምን ቸገረኝ፣ ማዕዱ ማዕድ ነው አለ። «እንዳይቀሩ» የሚለው ቃል ብቻ ትንሽ ጎረበጠው። ሰው ከገዛ ቤቱ እንዴት ይቀራል? አሰበ፣ አሰበና ለገባው ነገር ራሱን አደነቀ፤ የውሻ እግር ስለሆንኩ ነው፣ እዞራለሁ ብለው ሰግተው ነው።

ማታ ምድር ቤት ላሉት አከራዩ ለዶኛ ሜቼ ነገራቸው። ዶኛ ሜቼ ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ናቸው፤ መርፌ ከአፋቸው ሳያወጡ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ መናገር ይችላሉ። ይህን ሲሰሙ ግን መርፌውን አወጡ።

«የሚስቱን ልደት አንተ ቤት?»

«አዎ። ዶሮውን ይዘው የሚመጡ ይመስለኛል።»

«ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ! ብቸኛ ልጅ አገኘን ብለው! ሃያ ሁለት ሆነው?»

«ሕፃናቱን ሳይጨምር።»

«አይዞህ ልጄ። ወንበር እኔ እፈልግልሃለሁ። እሁድ ልጄ ጋ ልሄድ ነበር፣ ቀርቻለሁ። የእነዚህን ሰዎች መልክ ሳላይማ አልሞትም!»

ቶርበን ቅዳሜን ሙሉ ድንች ሲልጥ ዋለ። እናቱ ለእንግዳ የምትሠራው የድንች ሰላጣ ነው፤ እሱም የሚችለው እሱን ብቻ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ድንች የሚይዝ ድስት ስላልነበረው የዶኛ ሜቼን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሦስት ጊዜ አጥቦ ተጠቀመ። ዶኛ ሜቼ ከሰበካው አዳራሽ ሃያ አራት የለቅሶ ወንበር አስመጡለት፤ እሱም ሁለት ሁለት እያደረገ ሦስት ፎቅ አወጣው። ክፍሉ አሥራ አንዱን ያዘ። ሦስቱ አልጋው ላይ ወጡ፣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተጨናነቁ፣ የቀሩት ደረጃው ላይ ተሰለፉ። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤት ወንበሮቹን አይተው ማን እንደሞተ ጠየቁ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቶርበን ክራቫት አስሮ፣ የወረቀት ቆብ ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ። ስምንት ተኩል ሆነ። ሰው እንደሚዘገይ ያውቃል፤ አልተጨነቀም። ዘጠኝ ሆነ። ሰላጣውን ዞር ዞር አደረገው። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ብድግ አለ፤ ግን ዶኛ ሜቼ ነበሩ። እንግዶቹን ሊሰድቡ ስድባቸውን አሰናድተው ነበር የመጡት። ልጁን በባዶ ወንበሮች መካከል፣ ሳፋውን ታቅፎ፣ ቆቡ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ሲያዩት ስድባቸውን ዋጥ አደረጉት።

«አልመጡም?»

«አንድ ያጠፋሁት ነገር ይኖራል» አለ ቶርበን። «ረቡዕ ዕለት ዶን ኩኮ የቀቡትን በር መልሻለሁ። አቧራ ነበረው።»

«ለአንድ ቅንጣት አቧራ ሰው ይቀራል? ቆይ፣ ምን ነበር ያለህ? ቃሉን ንገረኝ፣ ቃሉን!»

ቶርበን ደብተሩን አውጥቶ አነበበ። «‹በስምንት ሰዓት፣ በቤትዎ፣ ዶሮ በሞሌ አለ።›»

«እንደገና።»

«‹በቤትዎ፣ ዶሮ በሞሌ…›»

ዶኛ ሜቼ አንዱን የለቅሶ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቶርበን የሚያለቅሱ መስሎት ውኃ ሊያመጣ ተነሣ።

«ተቀመጥ! የዚህ አገር ሰው ለእንግዳ የገዛ ቤቱን ‹ቤቴ› ብሎ ይጠራል? ነውር ነው እኮ! ‹ቤትዎ› ነው የሚባለው። ቤትዎ ማለት ቤቴ ማለት ነው!»

«የእርስዎ ቤት?»

«የእኔ ሳይሆን የሱ!»

«የማን?»

«የዶን ኩኮ ነዋ! አንተ ድንች! የጋበዘህ እሱ ቤት ነው!»

ቶርበን ደብተሩን ዘጋና «ታዲያ የአቮካዶው ዛፍ የሽማግሌው ነበር?» አለ።

«የምን ዛፍ?»

ሊመልስላቸው ጊዜ አልነበረውም። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ደረሰበት። ጠርተውታል። ሃያ ወር ሙሉ የተመኘውን በር ከፍተውለታል፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስጠብቋቸዋል። ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጡበት ምን እንደሚደረግ ማታ ትምህርት ቤት አላስተማሩትም፤ ሳፋውን ታቅፎ ደረጃውን ወረደ፣ ወንበሮቹን እያንኳኳ። ዶኛ ሜቼም ይህን ሳላይማ ብለው ተከተሉት።

የዶን ኩኮን በር ያውቀዋል። የሠራተኞቹ አውቶቡስ በየቀኑ እሳቸውን የሚያወርደው አረንጓዴ የብረት በር ፊት ነው። ታክሲው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሹፌሩ በየመታጠፊያው ዞር እያለ ሳፋውን ያያል። ቶርበን ማሳበቢያውን በስፓኒሽ ደጋግሞ አጠና፤ ሲደርስ አንዱም አልቀረለትም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሃያ ሁለት ሰው ዙሪያውን ተቀምጧል። ሕፃናቱ በልተው ጠግበው ውሻ ያባርራሉ፤ ከትልልቆቹ ግን አንድም የቀመሰ የለም። ባለ ልደቷ ዶኛ ኤውላሊያ «እንግዳው ሳይመጣ ጭልፋ የሚያነሣ የለም» ብለው ከድስቱ አጠገብ ዘብ ቆመዋል። ከጠረጴዛው ራስ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ዶን ኩኮ «ጀርመን ነው፤ ስምንት ሲል ከች ይላል፣ ሰዓታችሁን አስተካክሉበት» ብለው በቤተሰቡ ፊት ሲፎክሩ ከርመው ነበር። አማቾቹ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ሰዓታቸውን እያሳዩ ሲያበሽቋቸው ቆይተው አሁን እነሱም ደክሟቸዋል። ዶን ኩኮ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ አይታወቅም።

ቶርበን የወረቀት ቆቡን ሳያወልቅ መሐል ግቢ ቆመ።

«ዶን ኩኮ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነበር» አለ።

ዶን ኩኮ ቀና አሉ። «የት ሆነው?»

«ቤቴ። በቤትዎ ብለውኝ…»

ዶኛ ሜቼ ከኋላ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ሃያ አራት የለቅሶ ወንበር ተከራይተናል!» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ትልቁ አማች ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ዶን ኩኮ ጠረጴዛውን እየደበደቡ «በቤትዎ! በቤትዎ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ተመልሷል፤ ጎረቤት በአጥር ላይ አሻግሮ አየ። ስቀው ስቀው ሲያበቁ ተነሥተው ቶርበንን አቀፉት፤ ሳፋው መሐላቸው ስለነበር በደንብ አልተቃቀፉም።

ዶኛ ኤውላሊያ ሳፋውን ተቀብለው በጣታቸው ቀመሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የድንች ሰላጣ። መልካም ልደት።»

«ሰው ሲታመም ነው የሚበላው?» አሉና ከጥቁሩ ሞሌ ሦስት ጭልፋ ከላዩ አፈሰሱበት። በርበሬውም፣ ቸኮሌቱም፣ ድንቹም አንድ ላይ ተማሰለ። የቶርበን እናት ብታየው ዕድሜ ልኳን አታናግራቸውም ነበር። አሥራ አምስቱ ኪሎ ግን ተጠርጎ አለቀ።

ቶርበንን ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጡት። አንዷ ሕፃን ጉልበቱ ላይ ወጥታ ክራቫቱን ሞሌ ውስጥ ነከረችለት። ዓይኑ እንባ ሲያቀር «በርበሬው ነው» አለ። በርበሬው አልነበረም፤ ሆዱ ባብቶ ነው። ሁሉም አውቀውበት ውኃ አቀረቡለት።

ሊሄድ ሲነሣ አዲስ የተማረውን ቋንቋ ሊያሳይ ደረቱን ነፋ። «በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ» አለ ጮክ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የምጋብዘው። በስምንት ሰዓት፣ በቤትዎ!»

«የቱ ቤት?» ብለው ሃያ ሁለቱም ባንድ አፍ ጮኹ።

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከፈተ። እንደ ልማዱ በተራ ቁጥር ጻፈ።

«ስልሳ ሁለተኛ፦ ቤቴ። ከቤቴ በታክሲ ሃያ ደቂቃ።»