ከታንኳ ላይ ያለቀስናት አክስቴ

ባለፈው ሰሞን፣ ዛሬ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ከሚባለው ከልጄ ቤት ተነሥቼ ወደ ባሕሩ ዳር ስወርድ፣ ዓሣ አስጋሪ ልጆች ያረጀች የደንገል ታንኳ በታትነው ሲያቃጥሉ ደረስሁ። ደንገል ሲቃጠል ሽታው እንደ ሌላ እንጨት አይደለም፤ ጭቃ ጭቃ፣ ሣር ሣር፣ ትንሽም ዓሣ ዓሣ ይላል። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ግን ቆሜ ወደ ውስጤ ሳብሁት፣ ደረቴም ቅልል አለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፤ አሮጊቷ ነካ አደረጋት ብለው ይሆናል። ይሳቁ፣ እኔም በእነሱ ዕድሜ ብሆን እስቅ ነበር።

ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሕር ዳር ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነበረች፤ እኛ እስላሞቹ ከውሃው አፋፍ ላይ፣ ክርስቲያኖቹ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰን፣ ሥጋችን ባይገናኝም ሽሯችን እየተገናኘ አብረን እንኖር ነበር። አባቴ ሰይድ ታንኳ ሠሪና አሻጋሪ ነበር፤ ደንገሉን አጭዶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በልጥ ጠፍሮ በአንድ ቀን አንዲት ታንኳ ያወጣ ነበር። በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ስለ ዳነ ፊቱ ሁሉ የተበሳሳ ነበር፣ ሰዎች በዚህ ሲቀልዱበትም «በሽታው አንድ ጊዜ ጎብኝቶኛል፣ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም» እያለ ከቀላጆቹ ጋር ይስቅ ነበር። ተሻጋሪ መጥቶ እንቢ ሲል ግን አይቼው አላውቅም፤ ሰው ከባሕር ዳር አይመለስም ባይ ነበር።

እናቴ ዘሀራ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ሞተውባታል። አንደኛው በሳል ሄደ፤ ሁለተኛውን ግን ከታቢ ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ ክንዱን በጥቶ ከተበው፣ እንደ ሌላው ልጅ ቀለል ብሎት ይድናል ስንል በሽታው ጸናበትና አለፈ። እሷ ራሷ በልጅነቷ በዚያው በአገር ክትባት ድናለች፣ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ምላጭ የያዘ ሰው ስታይ ትሸሽ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተወለደው ኑሩ ነው። ኑሩ ሲያስነጥስ ቤታችን በሙሉ ይቆም ነበር ብል አልዋሸሁም፤ እኔማ በቅናት ብዙ ጊዜ ቆንጥጬዋለሁ።

በዚያ ዓመት በጋ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ የጣሊያን ሐኪም ሊከትብ መጣ ተብሎ ተወራና አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች የገበያውን መውጫ ሁሉ ያዙት። ወሬው ቀድሞ ስለ ደረሰን እናቴ ኑሩን አዝላ፣ ውሃው ወገቧ እስኪደርስ ደንገሉ ውስጥ ገብታ ተደበቀች። እኔንም ተከተዪኝ ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን የሐኪሙ ጢም ቀይ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ቀይ ጢም ሳላይማ አልቀርም ብዬ ሹልክ አልሁ። ጢሙን አየሁ፣ እውነትም ቀይ ነበር፣ ወዲያው አንድ አስካሪ በክንዴ ይዞ ከፊቱ አቆመኝና በመርፌ ጫር ጫር አደረገኝ። እናቴ ከሰዓት በኋላ እስከ ደረቷ ረጥባ ስትመለስ ክንዴን አይታ ጮኸች፣ በሎሚ አሸችው፣ በአመድ አሸችው፣ ቁስሉ ውሃ ሲቋጥር ደግሞ ልትሞት ነው ብላ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቴም ትናንት ከሰማይ መርዝ ያፈሰሰብን ሰው ዛሬ መድኃኒት ይዞ ይመጣል ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው ይል ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ አልፈርድም። ቁስሉ ደርቆ እኔም እንደ ድሮዬ ስሯሯጥ እናቴ ክንዴን ደጋግማ እያየች ተገረመች።

ሙቀቱ ሲበረታ፣ በሚያዝያ ግድም፣ ፈንጣጣ ከቆላ ድባ ገበያ ከሚመለሱ እህል ነጋዴዎች ጋር ባሕሩን ዞሮ ከማዶ ገባ ተባለ። ከማዶ፣ በታንኳ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ፣ የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ከድጃ ከአንዲት ልጇ ከአሚና ጋር ትኖር ነበር፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ ወሬውን በሰማበት ቀን ታንኳዎቹን በሙሉ ወደ ደረቅ አወጣና ከማዶ ማንንም አላመጣም፣ ወደ ማዶም ማንንም አልወስድም አለ። ያ ሰው እንቢ የማያውቅ አባቴ! ሰዎች ልቡ ደነደነ አሉት፣ ዘመድ ከዘመድ አቆራረጠ ብለው ሰደቡት፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው።

እናቴስ? እናቴ ያን ጊዜ ነበር የደንገሉ ነገር የቆጫት። እኔ በጣሊያን መርፌ፣ እሷ በአገሩ ክትባት፣ አባቴ በራሱ በበሽታው ተርፈናል፤ ከቤታችን ባዶ ክንድ የያዘው ኑሩ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ለማንም ሳትናገር፣ ልጇን አዝላ በእግሯ ጣሊያን ሰፈር ድረስ ሄዳ ያን ስትሸሸው የነበረ መርፌ ለመነች። አስተርጓሚው ሐኪሙ ወደ ጎንደር ተሻግሯል፣ መድኃኒቱም አልቋል፣ ከክረምት በኋላ ተመለሺ አላት። ስትመለስ «በገዛ እጄ ደበቅሁት» አለችና ደጃፉ ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። አባቴ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ የደበቅነው ሁለታችንም ነን፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከበሽታው እንደብቀዋለን ሲላት ሰምቻለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ቆየ ማለዳ ላይ አንድ ሰው ከማዶ በታንኳ መጣና ሳይወርድ፣ ከውሃው ላይ ሆኖ በጩኸት አረዳን። ከድጃ አረፈች፣ አሚና ግን ወጥቶላት ተርፋለች፣ ቅርፊቱ ገና አልረገፈም አለ። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ታንኳዎቹ ሮጠች። አባቴ ቀድሞ ደርሶ መንገዱን ዘጋ።

«እህቴ ናት» አለችው፤ «ሳላለቅሳት በምን ፊቴ እኖራለሁ?»

«ታለቅሻታለሽ» አላት። «እግርሽ ግን መሬቱን አይረግጥም፣ እጅሽም ሰው አይነካም። እኛን ባይዘን በልብሳችን ይዘነው ኑሩ ላይ እንገባለን።»

አገራችን ላይ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ለቅሶ ማለት አንገት ላይ ተጠምጥሞ ማልቀስ ነው፣ ጎን ለጎን መቀመጥ፣ ማደር፣ አብሮ መብላት ነው፤ በሽታውም በየመንደሩ የሚዛመተው ሰው በዚሁ እየተቃቀፈ እንደሆነ አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። ስለዚህ አምስት ታንኳ ወደ ውሃ አወረደና ልሂድ ያለውን ሁሉ እየመረመረ አሳፈረ። ፊቱ የተበሳሳውን ና ግባ ይላል፣ ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ ያለውን ግባ ይላል፣ የጠራ ፊትና ባዶ ክንድ ያለውን ዘመድ ሁሉ፣ ቢያለቅስም ቢቆጣም፣ ይመልሳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀለድባቸው የኖሩ ሰዎች ያን ቀን ባለማዕረግ ሆኑ፤ አንዲት በፊቷ ምክንያት ባል አጣሁ ስትል የኖረች ሴትዮ ከፊተኛው ታንኳ ላይ ጉብ ብላ ሳያት፣ በዚያ ሐዘን መካከል ሳቄ መጣ። እኔም ክንዴን ገልጬ አሳየሁና ገባሁ። ኑሩን ጎረቤታችን እሜቴ ጥሩ፣ የቄስ ባለቤት የነበሩ ደግ ባልቴት፣ ቤታቸው ወስደው ያዙት።

ከማዶ ስንደርስ ታንኳዎቹ ከዳር ራቅ ብለው ተሰልፈው ቆሙ፤ አባቴና ሌሎቹ ቀዛፊዎች የቀርከሃ ዘንጋቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው ያዙ። የመንደሩ ሰዎች ዳር ላይ ወጥተው ቆመው ነበር። እናቴ ተነሥታ ቆማ፣ ታንኳዋ እየተወዛወዘች፣ እህቷን በስሟ እየጠራች አለቀሰች፣ ከዳር ያሉት ተቀበሏት፣ ከየታንኳው ያሉት መለሱ፣ ለቅሶው በውሃው ላይ ሲመላለስ እስከ ቀትር ቆየ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፣ አልሰማሁም።

ከሰዎቹ መካከል አሚና ወጣች። አሥር ዓመት ይሆናታል፣ ፊቷ ሁሉ ጥቁር ቅርፊት፣ ራሷን በነጠላ የሸፈነች። እናቴን ስታይ ወደ ውሃው ገባች፣ ቁርጭምጭሚቷ፣ ባቷ፣ ጉልበቷ እስኪሰወር እጇን ዘርግታ መጣች። እናቴም እጇ ተዘረጋ፤ በዓይኔ አየሁት። አባቴ ዘንጉን ከጭቃው ነቅሎ ሊገፋ ሲል እናቴ ራሷ እጇን ሰብስባ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ባለሽበት ቁሚ የእኔ ልጅ» አለች። «ቅርፊቱ ሲረግፍ እወስድሻለሁ። ወላሂ እወስድሻለሁ፤ አሁን ግን አትቅረቢኝ።»

አሚና ቆመች። አላለቀሰችም፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያባባኝ። አባቴ ብቻ፣ በሽታው አንድ ጊዜ የጎበኘው ሰው፣ ያመጣንላትን ዱቄትና ማር ተሸክሞ ውሃው ውስጥ ወርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠላትና ዘወር ብሎ ተመለሰ።

ቤታችን ዳር ስንደርስ ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ሁላችንም ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹ ለብቻ ሆነን ባሕሩ ውስጥ ታጠብን፣ ልብሳችን በአመድ ውሃ ተቀቀለ፣ አምስቱም ታንኳዎች ዳር ላይ ተከምረው ተቃጠሉ። አባቴ ደንገል መልሶ ይበቅላል ይል ነበር። እኛ ሦስታችን ሁለት ጁምዓ እስኪያልፍ ደንገል ማድረቂያው ዳስ ውስጥ ኖርን፤ እናቴ ኑሩን በእሜቴ ጥሩ አጥር በኩል ከሩቅ እያየች፣ ጠዋት ጠዋት «ሰውነቱ ተኮሰ ወይ?» ብላ ትጠይቅ ነበር፣ እሳቸውም «ኧረ ደህና ነው፣ ድስቴን ጨረሰው እንጂ» ይሏት ነበር።

ሁለተኛው ጁምዓ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ኑሩን አተኮሰው። እሜቴ ጥሩ በአጥሩ በኩል ሲነግሯት እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አባቴ ውሃ ሊጠጣ ያነሣውን ቅል እንደያዘው ቀረ። ያን ዕለት ማንም አልበላም፣ እኔም ስለ ቆነጠጥሁት ቁንጥጫ ሁሉ አላህን ይቅርታ ስለምን ዋልሁ። በማግሥቱ እሜቴ ጥሩ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡና ሳቅ እያፈናቸው፣ ልጁ ከጓሮ ሾላ ለቅሞ ሆዱ እስኪነፋ በልቶ ኖሯል፣ ሌሊቱን ሁሉ ወጣለት፣ ትኩሳቱም አብሮ ወጣ አሉ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ደግሞ ያ ሾላ ይቆረጥልኝ ብላ ተቆጣች። ሾላው እሳቸው ስለ ለመኑለት ተረፈ። ሁለተኛው ጁምዓ አልፎ ኑሩን ስታቅፈው ልጁ እስኪጮህ ጨመቀችው።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል የአሚና ቅርፊት ረግፎ አለቀ። አባቴ አዲስ ልብስ ይዞላት ሄደ፣ እዚያው ታጥባ ለብሳ፣ የቀድሞው ልብሷ ተቃጥሎ፣ ማዕበሉ ሳይበረታ አመጣት። እናቴ ዳር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ውላ፣ ታንኳዋ መሬት ሳትነካ ውሃው ውስጥ ገብታ አወጣቻት። በጥቅምት፣ ሐኪሙ ተመለሰ ሲባል፣ እናቴ ኑሩን አዝላ ከጣሊያን ሰፈር በር ላይ ዘበኛው ሳይነቃ ደርሳ ነበር፤ መርፌው ሲነካው ኑሩ አገር ይያዝልኝ አለ፣ እሷ ግን ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ጣሊያንን እስከ ሄደበት ቀን ድረስ አልወደደችውም፣ ለመርፌው ግን ዱዓ ታደርግ ነበር።

አሚና ከእኔ ጋር በአንድ አጎዛ ላይ ተኝታ አደገች። ካገባንና ከወለድን በኋላ፣ አንድ ቀን ጥጥ ስንፈትል፣ ያን ቀን ውሃው ውስጥ ምን ተሰማሽ ብዬ ጠየቅኋት። እንዝርቷን አቆመችና «የጠላችኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ቤት ገብቼ ኑሩን ሳየው ገባኝ።»

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፈንጣጣ የሚለውን ቃል የሚያውቁት ሰው ሲሳደብ ሰምተው ነው። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መርፌው ይሰለፋሉ እንጂ ከመርፌው አይሸሹም፣ ኑሩም ሽማግሌ ሆኖ በየሳምንቱ እየመጣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል። ለቅሶም ስንደርስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፣ ተቃቅፈን እናለቅሳለን፣ ፊትና ክንድ የሚመረምር ማንም የለም። እናቴ በእርጅናዋ ስታርፍም ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ገላዋን ያጠበቻት አሚና ናት፤ አትቅረቢ ያላት ሰው አልነበረም።